ራግቢ በሩን ለማን ይክፈት? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ስለ ስድስቱ የአውሮፓ ሀገራት የራግቢ ውድድር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው የሚያጠነጥነው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ትልልቆቹ ውድድሮች አዲስ ሀገር ለማስገባት ለምን ይሰስታሉ? ሲያስገቡስ ምን ይፈጠራል? የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ራግቢን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ አስረዳን።

በአንድ ወገን 15 ተጫዋች፣ 80 ደቂቃ። ኳሷ የእንቁላል ቅርጽ አላት። በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ክልክል ነው፤ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ። ኳስ ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር አልፎ መሬት ያስነካ 5 ነጥብ ያገኛል። ይህ ትራይ ይባላል። ከትራይ በኋላ ኳሷን መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሀል ያሳለፈ 2 ይጨመርለታል። ቅጣት ምት 3 ነው። ሌላውን እያያችሁ ትለምዱታላችሁ።

ጥያቄ፦ ስድስቱ ሀገራት ድሮም ስድስት ነበሩ?

አልነበሩም። በ1883 ሲጀመር እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስና አየርላንድ ብቻ ነበሩ። ፈረንሳይ በ1910 ገባች። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለተጫዋቾች በድብቅ ይከፈላል ተብላ ተባረረች፤ ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ተመለሰች። ጣሊያን የገባችው በ2000 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በሩ የተከፈተው ለሁለት ሀገር ብቻ ነው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ጣሊያንን ማስገባቱ ስህተት አልነበረም? ሁሌ ተሸናፊ ናት።

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ነው የጠየቀኝ። እኔ ስህተት አልነበረም ባይ ነኝ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ጅማሬዋ ያማረ ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታዋን ሮም ላይ ስኮትላንድን 34 ለ20 አሸንፋ ጀመረች። ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ግን ከባድ ነበሩ። ከ2015 እስከ 2022 በዚህ ውድድር 36 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈች። «ታስወጣ» የሚለው ድምፅ በየዓመቱ እየጨመረ ሄደ።

መጋቢት 2022፣ ካርዲፍ። ዌልስ 21 ለ15 እየመራች ሰዓቱ ሊያልቅ ነው። አንጅ ካፑኦዞ የሚባል ቀጭን ልጅ ኳሷን በራሱ ሜዳ ተቀበለ። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ በመስመሩ ጥግ በረረ። ሊይዙት ሲደርሱ ለኤዶአርዶ ፓዶቫኒ አቀበለው፤ ፓዶቫኒ ቋሚዎቹ ሥር አሳረፋት። ፓኦሎ ጋርቢሲ መታ፣ ገባች። 22 ለ21። ጋርቢሲ እዚያው ሜዳው ላይ አለቀሰ። እኔን እስከ ዛሬ የሚነካኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ሜዳልያ የተሰጠው የዌልሱ ጆሽ አዳምስ ነበር። ሜዳልያውን ወስዶ ለካፑኦዞ ሰጠው።

በ2024 ደግሞ ጣሊያን ስኮትላንድንና ዌልስን አሸነፈች፤ ከፈረንሳይ ጋር አቻ ወጣች። ይህ ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። በ2010 ሁለት የጣሊያን ክለቦች ከአየርላንድ፣ ከዌልስና ከስኮትላንድ ክለቦች ጋር አንድ ሊግ ውስጥ ገብተዋል። ልጆቹ ጠንካራ ጨዋታ በየሳምንቱ እየተጫወቱ ነው ያደጉት። ሀገርን የሚያሳድገው የዘወትር ጨዋታ ነው። በአራት ዓመት አንዴ ለዓለም ዋንጫ ጠርቶ መሸኘት አያሳድግም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጆርጂያ ምን አጥፍታ ነው ስድስቱ ውስጥ የማትገባው?

ምንም። የማወራው ስለ ካውካሰሷ ጆርጂያ ነው፣ ስለ አሜሪካው ግዛት አይደለም።

ይቺ ሀገር ከራግቢ ጋር ያላት ዝምድና የቆየ ነው። ሹኹቲ በምትባል መንደር በየዓመቱ በኦርቶዶክስ ፋሲካ ሌሎ የሚባል ጨዋታ አለ። 16 ኪሎ የምትመዝን ኳስ ቄስ ይባርካታል፤ ከዚያ ሁለት ሰፈር ይጋፋባታል። እያንዳንዱ ሰፈር ወደ ራሱ ጅረት ሊወስዳት ይታገላል። ያሸነፈው ኳሷን በዓመቱ ውስጥ ከሞተ ሰው መቃብር ላይ ያኖራታል። ስለዚህ ባነበብኩ ቁጥር የኛ ገና ጨዋታ ትዝ ይለኛል፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባልበት። ዛሬም በጆርጂያ ቋንቋ ትራይ «ሌሎ» ነው የሚባለው። ብሔራዊ ቡድኑም በዚሁ ስም ይጠራል።

በውጤትስ? ከስድስቱ ውጪ ያሉት የአውሮፓ ሀገራት የራሳቸው ሻምፒዮና አላቸው፤ ጆርጂያ ዋንጫውን ለዓመታት የግሏ አድርጋዋለች። በ2022 ባቱሚ ላይ ጣሊያንን 28 ለ19፣ ካርዲፍ ላይ ዌልስን 13 ለ12 አሸንፋለች። እውነቱን ለመናገር በ2024 ጄኖቫ ላይ ጣሊያን 20 ለ17 ረትታታለች። ልዩነቱ ይህን ያህል ጠባብ ነው።

የማትገባው ውድድሩ የግል ንብረት ስለሆነ ነው። ባለቤቶቹ ስድስቱ ፌዴሬሽኖች ናቸው። በ2021 ደግሞ ሲቪሲ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት አንድ ሰባተኛውን ድርሻ ገዝቷል። ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገር የለም። መጨረሻ የወጣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። ሰባተኛ ሀገር ሲጨመር ገንዘቡ ለሰባት ይከፈላል፤ ከጆርጂያ የሚመጣው የቴሌቪዥን ገቢ ደግሞ ትንሽ ነው። ደጋፊውም ቅዳሜና እሁድ ሮም መሄድ ይወዳል፤ ትብሊሲ ይርቀዋል።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። በሁለት ዓመት አንዴ ስድስተኛ የወጣው ከስድስቱ ውጪ ካሉት ሀገራት ሻምፒዮን ጋር ደርሶ መልስ ይጋጠም። ጣሊያን ትውጣ አላልኩም። ሜዳ ላይ ይለይ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ የማውቀው የእግር ኳሱን ነው። ቡድን ሲበዛ ውድድሩ አይረክስም?

ጋሼ፣ መልሱ ከእርስዎ ትዝታ ውስጥ አለ። የአፍሪካ ዋንጫ በ1957 ካርቱም ላይ ሲጀመር የተጫወቱት ሦስት ሀገር ናቸው፤ ግብፅ፣ ሱዳንና እኛ። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ዋንጫውን ስናነሳ አራት ነበሩ። ከ2019 ወዲህ 24 ናቸው። ከ31 ዓመት በኋላ በ2013 ስንመለስ ውድድሩ 16 ቡድን ነበረው። እንደ ድሮው ስምንት ቢሆን ኖሮ ያን ዓመት የምንገባ ይመስልዎታል? እኔ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የራግቢ ዓለም ዋንጫ በ2027 24 ቡድን ሊሆን ነው። 142 ለ0 ዓይነት ውጤት ልናይ ነው?

142 ለ0 የተመዘገበው በ2003 ነው፤ አውስትራሊያ ናሚቢያን አሸንፋ። በ2023ም ፈረንሳይ ያችኑ ናሚቢያን 96 ለ0 ረትታለች። ስለዚህ ስጋቱ እውነት ነው፤ አልክድም።

ግን ጃፓንን እዩ። በ1995 ከኒውዚላንድ 145 ቀምሳ 17 ነው ያስቆጠረችው። ያኔ «ይህች ሀገር ምን ትሠራለች?» ተብሎ ተባርራ ቢሆንስ? በ2015 ብራይተን ላይ ደቡብ አፍሪካን ገጠመች። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 32 ለ29 እየተመራች ቅጣት ምት አገኘች። መትታ አቻ መውጣት ትችል ነበር። ተጫዋቾቹ አሻፈረን ብለው ለትራይ ሄዱ፤ አገቡም። 34 ለ32። በ2019 ራሷ አዘጋጅታ ሩብ ፍጻሜ ደረሰች።

ውድድሩ በ1987 በ16 ቡድን ተጀመረ፤ በ1999 20 ሆነ። በ2027 አውስትራሊያ ላይ ስድስት ምድብ ይኖራል፣ በየምድቡ አራት ቡድን። ከየምድቡ ሁለት፣ ከሦስተኞቹም ምርጥ አራቱ ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ አርጀንቲናን እንዴት አስገቡ?

በ2007 የዓለም ዋንጫ አዘጋጇን ፈረንሳይን ሁለቴ አሸንፋ ሦስተኛ ወጣች። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልተቻለም። በ2012 ኒውዚላንድ፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ በየዓመቱ ወደሚገናኙበት የደቡብ ሀገራት ውድድር ገባች። የመጀመሪያ ድሏን ለማየት እስከ 2014 ጠበቀች። በ2020 ኒውዚላንድን ለመጀመሪያ ጊዜ 25 ለ15 አሸነፈች።

የክለቡ ነገር ግን ያሳዝናል። ሃጓሬስ የሚባለው የአርጀንቲና ክለብ በ2016 ሱፐር ራግቢ የሚባለው የደቡብ ሀገራት ክለቦች ሊግ ውስጥ ገብቶ በ2019 ለፍጻሜ ደረሰ። የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ሊጉ በየአካባቢው ተከፋፈለ። ሃጓሬስ ሜዳ አጣ፤ ተጫዋቾቹም ተበተኑ። በብቃት አልወደቀም።

ጥያቄ፦ ከአፍሪካስ ማን አለ?

ደቡብ አፍሪካ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ናት፤ 1995፣ 2007፣ 2019 እና 2023። ከእሷ ሌላ ግን ለአህጉሩ በቀጥታ የተሰጠው ቦታ አንድ ብቻ ነው። በ2025 ካምፓላ ላይ ዚምባብዌ ናሚቢያን 30 ለ28 አሸንፋ ወሰደችው፤ ከ1991 በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ15 ተጫዋች ዓለም ዋንጫ ገብታ አታውቅም። በሰባት ተጫዋች በሚካሄደው የራግቢ ዓይነት ግን በ2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን በፍጻሜ 30 ለ7 አሸንፋለች። 24 ቡድን ተብሎ ለአፍሪካ አንድ ቀጥታ ቦታ መስጠት ያንሳል። ይህን በግልጽ እላለሁ።

ጥያቄ፦ አዲሱ የ12 ሀገራት ውድድርስ? መስፋፋት ነው?

ለጃፓንና ለፊጂ አዎ። ከ2026 ጀምሮ ስድስቱ የአውሮፓ ሀገራት፣ አራቱ የደቡብ ሀገራትና እነዚህ ሁለቱ ይገናኛሉ። ለጆርጂያ፣ ለሳሞአና ለቶንጋ ግን በሩ ተዘግቷል። መውጣትና መውረድ የታቀደው ከዓመታት በኋላ ነው። ዛሬ 26 ዓመት የሆነው የጆርጂያ ተጫዋች ያኔ ጫማውን ሰቅሎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። እዚህ ማየት ይቻላል?

እህቴ፣ በደንብ! በየዓመቱ በኅዳር መጨረሻ ገደማ የሰባት ተጫዋች ውድድር አለ፤ ወደ አል ዓይን በሚወስደው መንገድ ባለው ሴቨንስ ስታዲየም። ለዓለም ዋንጫው የመጨረሻዋ 24ኛ ቦታ የተወሰነችውም እዚያው ሜዳ ላይ ነው፣ በኅዳር 2025። ሳሞአና ቤልጂየም 13 ለ13 ተለያዩ፤ አቻው ለሳሞአ በቃት። ቤልጂየም አንድ ምት ብታገባ ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ትገባ ነበር። ስትሄጂ ኮፍያና ውሃ ያዢ፤ የፊጂ ጨዋታ ደግሞ እንዳያመልጥሽ።