ጥያቄና መልስ፦ ከሸራ ወደ መዳብ

በሸራ ላይ የተሳለ ሥዕል መዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ ወረቀት ላይ ሲታተም፣ ሥዕሉ ላይ በቀኝ የቆመው ጀግና ህትመቱ ላይ በግራ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ሰሌዳው ወረቀት ላይ ሲጫን ምስሉ ይገለበጣል። ቀራጩ አስቀድሞ ገልብጦ ካልቀረጸው ሁሌም እንዲሁ ነው።

ከምስሉ ግርጌ ያሉት «ፒንክሲት» እና «ስኩልፕሲት» የሰዎች ስም ናቸው?

አይደሉም፤ የላቲን ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ሥዕሉን የሳለውን፣ ሁለተኛው መዳቡን የቀረጸውን ያመለክታል። «ኤክስኩዲት» ካለ አሳታሚው ነው። «ኩም ፕሪቪሌጂዮ» ደግሞ ሌላው እንዳይቀዳው ተከልክሏል ማለት ነው፤ የፍላንደርሱ ሠዓሊ ሩበንስ እ.ኤ.አ. በ1619 እና 1620 እንዲህ ያለ መብት ከፈረንሳይ፣ ከደቡብ ኔዘርላንድና ከሆላንድ አግኝቷል።

በግሪክ አፈ ታሪክ በባሕር ዳር አለት ላይ የታሰረችው አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ከሆነች በባሮክ (በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጥበብ) ህትመቶች ለምን ነጭ ሆነች?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሮማው ባለቅኔ ኦቪድ ራሱ መልኳ እንደ አገሯ ሰው ጠቆር ያለ መሆኑን ጽፏል። እርግጥ የጥንቶቹ «ኢትዮጵያ» የዛሬው ድንበር አይደለም፤ ታሪኩን በኢዮጴ (በዛሬዋ ያፎ) የባሕር ዳርቻ ያደረጉትም ነበሩ። ሠዓሊዎቹ ግን ነጭ አድርገው ሳሏት፤ በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም ያለው የሩበንስ ሥዕል አንዱ ነው። ቀራጩም ሥዕሉን ተከተለ።

ሰሌዳው ላይ ቀለም የለም፤ ያለው የወረቀቱ ንጣትና የመስመሩ ጥቁረት ብቻ ነው። ለነጭ ገላ ቀራጩ ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል፤ ጥላው ላይ ብቻ ቀጫጭን መስመር፣ በመካከላቸውም ነጥብ ያሰፍራል። ጠይም ገላ ሲሆን መላ አካሉን በተጠላለፈ መስመር ሸፍኖ ብርሃኑን በትከሻና በጉልበት ላይ በቁጠባ ይተዋል። ያኔ ከኋላዋ ያለው አለት መንጣት አለበት፤ አለዚያ ገላዋ አለቱ ውስጥ ይጠፋል። የሰሌዳው ብርሃን ሁሉ እንደገና ይታሰባል ማለት ነው። ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል። ከሠዓሊው አብርሃም ቫን ዲፐንቤክ ንድፍ የተቀረጸው ህትመት አንድሮሜዳን ጥቁር አድርጎ አሳይቷል። ስለዚህ ጥፋቱን መዳቡ ላይ ማላከክ አይገባም፤ ምርጫው የሰዎቹ ነበር።

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዙት ህትመት ጥንታዊ መሆኑን ማወቅ የሚፈልጉና ቡናማ ነጠብጣቡን በበረኪና ሊያጸዱ ያሰቡ አንባቢ አሉ።

10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይዩት። ጥቃቅን ነጥቦች በረድፍ ከታዩ የዘመናችን የፎቶ ህትመት ነው። ጫፉ እየቀጠነ የሚያልቅ መስመር የመቅረጫ ብረት ሥራ ነው። ሰሌዳው ሲጫን በጠርዙ ዙሪያ የሚተወውን ጎድጓዳ ምልክት ብቻ አይመኑ፤ ፎቶግራቪዩርም (ፎቶን በመዳብ ሰሌዳ የማተም ዘዴ) ይተዋል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሡት በ2 ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ የተራራቁ፣ ወረቀቱ ከተሠራበት ወንፊት የቀሩ የሽቦ ምልክቶች ከታዩ መልካም ምልክት ነው፤ ሆኖም በኋላ ዘመንም እንዲህ ያለ ወረቀት ተሠርቷል። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ከደበዘዙ ደግሞ ያረጀ ሰሌዳ ዳግም ታትሞበት ሊሆን ይችላል።

በረኪናውን ግን እባክዎን አይንኩት። ክሎሪኑ የወረቀቱን ቃጫ ይበላዋል፤ ዛሬ ነጭ የመሰለው በኋላ ቢጫና ተሰባሪ ይሆናል። ውኃም ቢሆን በቤት አይሞክሩ። የወረቀት ጥገና ባለሙያ ዘንድ ይውሰዱት፤ እስከዚያ ከጸሐይና ከእርጥበት አርቀው፣ አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል አጋድመው ያስቀምጡት።