ተጫዋቹ ባይመጣም ገበያው ይውላል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኮምፒዩተር ሳይንስ የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ከጓደኛዬ ጋር ጎዶት በሚባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር አንድ ጌም እየሠራን ነው። ተጫዋቹ በአህያ ከገበያ ገበያ እህል የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። 12 መንደሮችና 600 ሰዎች አሉን። ችግራችን ተጫዋቹ ዞር ሲል መንደሩ ይደርቃል። ከ2 ዓመት በኋላ ቢመለስ እንኳ ያቺው ሴት እዚያው ምንጭ ላይ እንስራዋን እንደያዘች ቆማ ያገኛታል። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ እንዲንቀሳቀስ ስናደርግ ደግሞ ላፕቶፑ አይችለውም። እንስሳቱን ለቅቀን ብናይ ጅቦቹ ፍየሎቹን ፈጅተው እነሱም በረሃብ አለቁ። ተጫዋቹ ሳይኖርም የሚኖር ዓለም እንዴት ይሠራል? ወይስ ይህ የትልልቅ ኩባንያዎች ሥራ ነው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሣ። ለሁለት ሰው ይቻላል። ድዋርፍ ፎርትረስ የተባለውን ጌም ታርን እና ዛክ አዳምስ የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች በ2002 ጀምረው በ2006 በነጻ አወጡት (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ለረጅም ዓመታት ኮዱን የጻፈው ታርን ብቻውን ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየውም ፊደልና ምልክት ነበር፤ ሥዕል ያለው የሽያጭ እትም ስቲም በተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር የወጣው በ2022 ነው። ግን ተጫዋቹ ገና ሳይገባ ጌሙ ተራራውንና ወንዙን አበጅቶ የብዙ መቶ ዓመት ታሪክ ያስኬዳል። መንግሥታት ይነሣሉ፣ ይዋጋሉ፤ ሰው ይወለዳል፣ ያገባል፣ ይሞታል፤ ሁሉም በስሙ ይመዘገባል። ወንድማማቾቹ ለሥዕል ሊያወጡት የሚችሉትን ጉልበት ሕጎቹ ላይ አዋሉት። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ። ምንጭ ላይ የቀረችው የሚጎድላት ነገር ስለሌለ ነው። ቤቷ ውኃ አያልቅም፣ ልጅ አይታመምባትም፣ ዕዳ የለባትም። መጀመሪያ ይህን ስጧት። ግን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለቤቷ ስጡ፤ ተጫዋቹ ሩቅ ሳለ ሰዉን በነፍስ ወከፍ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። ለየቤቱ ጥቂት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ጎተራ ውስጥ ያለው እህል፣ በሬ፣ ዕዳ፣ ለሥራ የደረሰ ሰው።

የኪየቩ ኩባንያ ጂኤስሲ ጌም ወርልድ በ2007 ያወጣው ስቶከር የተባለ ጌም ይህን መንገድ በደንብ ያሳያል። ለተጫዋቹ ቅርብ የሆነው ሰውና አውሬ በሙሉ ዝርዝር ይንቀሳቀሳል፤ ሩቅ ያለው ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚሻገር መዝገብ ብቻ ይሆናል። ሁለት ጠላቶች ሩቅ ቦታ ቢገናኙ ማን እንደተረፈ በስሌት ይወሰናል፤ ጥይት ሲተኮስ አይታይም። በእናንተ ጌም ላይ ላስላው። 600 ሰው በሰከንድ 60 ጊዜ ቢወስን 36,000 ውሳኔ ነው፤ ላፕቶፑ ቢታክተው አይፈረድበትም። የጌሙ አንድ ቀን 20 ደቂቃ ይሁን እንበል፣ ማለትም 1,200 ሰከንድ። እያንዳንዱ መንደር በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢሰላ በየ100 ሰከንዱ አንድ መንደር ይደርሳል። ይህን አሮጌ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ተጫዋቹ ወደ መንደሩ ሲጠጋ ቁጥሮቹን መልሳችሁ ሰው ታደርጓቸዋላችሁ፦ ጎተራው የጎደለበት ቤት አባወራው ቀን ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ይገኛል፣ በሬው የሞተበት ከጎረቤቱ ጋር እየተቀናጀ ያርሳል።

የጌማችሁ ልብ ግን እህሉ ነው፤ እዚህ ላይ እንድትቸኩሉ አልፈልግም። 50 ሰው ያለበት መንደር፣ ለነፍስ ወከፍ በቀን ግማሽ ኪሎ ብትይዙ፣ 25 ኪሎ ይበላል። ኩንታሉ በ4 ቀን ያልቃል፤ ከዓመት ዓመት ለመድረስ ከ91 ኩንታል በላይ ያስፈልጋል፣ ዘሩ ሌላ። አዝመራው በኅዳርና በታኅሣሥ ሲገባ ዕዳና ግብር ያለበት ገበሬ እህል በረከሰበት ሰዓት ይሸጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያው ገበሬ በውድ ይገዛል። «በነሐሴ ዋጋ ጨምር» የሚል መስመር ኮዱ ውስጥ አትጻፉ። ዋጋው ገበያ ከወጣው እህልና ከፈላጊው ብዛት በራሱ ይውጣ። ያኔ አንዱን መንደር በረዶ ሲመታው የጎረቤቱ ገበያ ላይ ጤፍ ይወደዳል፤ ተጫዋቹ መንደሩን ሳይረግጥ አንድ ነገር እንደደረሰ ከዋጋው ይረዳል። እኔ ጌም ውስጥ ከምንም በላይ የምወደው ይህን ዓይነቱን ሰዓት ነው፤ ማንም ሳይነግረኝ ዓለሙ ያለ እኔ እንደዋለ ስደርስበት።

የጅቦቹ ጉዳይ የቆየ የሒሳብ ጥያቄ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአድሪያቲክ ባሕር ዓሣ ማስገር ሲቀንስ፣ ከሚያዘው ውስጥ የአዳኝ ዓሦች ድርሻ ጨምሮ ተገኘ። ጣሊያናዊው ሒሳብ ሊቅ ቪቶ ቮልቴራ ምክንያቱን ሲፈልግ በ1926 ያወጣው እኩልታ፣ አዳኝና ታዳኝ ተራ በተራ እየበዙና እየመነመኑ እንደሚኖሩ ያሳያል፤ አልፍሬድ ሎትካም ለብቻው እዚያው ላይ ደርሶ ነበር። ታዲያ እናንተ ዘንድ ለምን አለቁ? እኩልታው ውስጥ ፍየሎቹ 0.3 ደርሰው እንደገና ሊያንሰራሩ ይችላሉ። ጌም ውስጥ ግን ግማሽ ፍየል የለም፤ የመጨረሻዋ ከተበላች ዘሩ ጠፋ። ስለዚህ ፍየሎቹ ማታ በረት ይግቡ። ጅቡም ጥንብና ጥራጊ ስለሚበላ ያንን ስጡት። ከካርታው ዳር ደግሞ አልፎ አልፎ እንግዳ መንጋ ይግባ።

ተጫዋቹንም ከአዳኞቹ ቁጠሩት። በ1997 የወጣው፣ ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ የሚጫወተው ጌም አልቲማ ኦንላይን ሲሠራ፣ ዲዛይነሩ ራፍ ኮስተርና ባልደረቦቹ አውሬው እየራበው የሚያድንበት፣ ታዳኙም የሚመናመንበት ሥርዓት አበጅተው ነበር። ተጫዋቾች ገብተው ያገኙትን እንስሳ ሁሉ ፈጁት፤ ሥርዓቱም ከጌሙ ወጣ። የእናንተ ነጋዴ ሀብታም ሆኖ የ12ቱን መንደር እህል በአንድ ቅዳሜ ቢገዛስ? ገበሬው ለዘርና ለቤቱ የሚያስቀረውን በምንም ዋጋ እንዳይሸጥ የሚያደርግ ሕግ ከአሁኑ አስገቡ።

ከዚያ ያለ ሥዕልና ያለ ተጫዋች ዓለሙን ሌሊቱን 100 ዓመት አስኬዱት፤ ጠዋት መዝገቡን አንብቡ። የተነሣበትን የሲድ ቁጥር (የጌሙ ዕጣ ሁሉ የሚጀምርበትን ቁጥር) መያዝ አትርሱ፤ ያለዚያ ያያችሁትን ችግር መልሳችሁ አታገኙትም። ሁሉም ሞቶ፣ ወይም ከመጀመሪያው ቀን ምንም ሳይለወጥ፣ ወይም አንዱ ሁሉን ውጦ ታገኙ ይሆናል። የመጨረሻው የአንካራውን የጌም ኩባንያ ቴልወርልድስንም አስቸግሯል፤ ባነርሎርድ የተባለው ጌማቸው በ2020 ለቅድመ ሙከራ ሲወጣ አንዱ መንግሥት ሌሎቹን እየጠቀለለ ይሄድ ስለነበር ማስተካከያ አወጡለት። ያላሰባችሁትም ይመጣል። ድዋርፍ ፎርትረስ ውስጥ መጠጥ ቤት በገባ ጊዜ ድመቶች በብዛት መሞት ጀመሩ። ሲጣራ ወለሉ ላይ የፈሰሰ መጠጥ ይረግጣሉ፣ እግራቸውን ይልሳሉ፤ ኮዱ ደግሞ አንዱን ልሳት እንደ ሙሉ ኩባያ ይቆጥረው ነበር። ስለ ድመትና መጠጥ ማንም የጻፈው መስመር አልነበረም። ስህተቱን አርሙ፤ እንዲህ ያለውን መገጣጠም ግን አታጥፉ።

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። ልጄ በሚጫወተው ጌም ውስጥ የሚወዳት ጎረቤት ለሳምንታት ሳይከፍተው ቆይቶ ሲመለስ አገር ለቃ ሄዳ አገኛት። በጣም አለቀሰ። እንዲህ ያለ ጌም መሥራት ተገቢ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ ያለቀሰው ጎረቤቱን የእውነት ስለወደዳት ነው፤ ይህን ቀላል አድርጌ አላየውም። እንዲህ ያሉ ጌሞች አሉ፤ ለምሳሌ በ2001 ጃፓን ውስጥ የወጣው የመጀመሪያው አኒማል ክሮሲንግ ከግድግዳ ሰዓት ጋር እኩል ይሄዳል፤ ባይከፍቱትም አረሙ ይበቅላል፣ ጎረቤትም ሊሄድ ይችላል። እኔ ይህን ተገቢ ነው እላለሁ፣ ሁለት ነገር ከተሟላ። አንደኛ፣ ጌሙ ሕጉን ከመጀመሪያው ለልጁ ሊነግረው ይገባል። ሁለተኛ፣ የሄደው ሰው ዱካ ይተው፦ ደብዳቤ፣ የተዘጋ በር፣ ስለ እሷ የሚያወራ ሌላ ጎረቤት። የባሕር ዳሩ ወንድማችንም ይህን ይያዝልኝ። ያለ ዱካ የጠፋ ሰው ለተጫዋቹ ከተበላሸ ኮድ አይለይም። ለልጅዎ ግን ዛሬ ማታ አጠገቡ ይቀመጡና መንደሩን አብረው ይዙሩ፤ ከቀሩት ጎረቤቶች ስለ እሷ የሚያነሣ ካለ አብራችሁ ጠይቁት።