ካርድ ቀየርኩ፣ ጌሙ ግን ያው ነው

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? የኔ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5-3470 ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ እሱም በአንድ ፍሬ። ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነበር። አሁን ወንድሜ ከዱባይ አርቲኤክስ 3060 ላከልኝ፣ ፓወር ሰፕላዩንም አብሬ ቀየርኩ። ካውንተር ስትራይክ 2 ከፍቼ ሳየው ግን ፍሬሙ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) እዚያው 75 አካባቢ ነው፤ ተኩስና ጭስ ሲበዛ ደግሞ ይቆራረጣል። ካርዱ ፎርጅድ ይሆን እንዴ?
አንባቢያችሁ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ መጀመሪያ ጥርጣሬህን እናውጣልህ። ጂፒዩ-ዚ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። አውርደህ ክፈተው፤ ስሙ ተቀይሮ የተሸጠ አሮጌ የኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ፌክ ነው ብሎ ይነግርሃል። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ካርዱ ጤነኛ ነው፣ የወንድምህም ገንዘብ ሜዳ ላይ አልቀረም። የያዘህ ፕሮሰሰሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪንህ ላይ አንድ ፍሬም ከመታየቱ በፊት ሁለት ሥራ አለ። ፕሮሰሰሩ ተጫዋቹ የት እንደቆመ፣ ጥይቱ ማንን እንደመታ፣ ከሰርቨሩ ምን እንደመጣ፣ ድምፁ ከየት በኩል እንደሚሰማ ያሰላል፤ ከዚያ ይህን ሳል፣ ያንን ሳል ብሎ ለካርዱ ትእዛዝ ያቀብላል። ካርዱ ይስላል። ትእዛዙ ካልደረሰው ደግሞ የሚስለው የለም።

በቁጥር እንየው። በሴኮንድ 60 ፍሬም ለማግኘት አንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊ ሴኮንድ ማለቅ አለበት። ለ144 ፍሬም ያለህ 6.9 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው። ያንተ ፕሮሰሰር ለአንድ ፍሬም 13 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጅበታል እንበል፤ 1000ን ለ13 አካፍል፣ 77 ገደማ ይመጣል። ካርዱ የራሱን ድርሻ በ5 ሚሊ ሴኮንድ ቢጨርስ እንኳ ቀሪዋን 8 እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። 3060ውን ነቅለህ አርቲኤክስ 4090 ብትሰካበትም ከ77 አያልፍልህም።

ኮር አይ 5-3470 የ2012 ዕቃ ነው። አራት ኮር (የስሌት ክፍል) አለው፣ በአንድ ጊዜም ከአራት ሥራ በላይ አይዝም። በዘመኑ ጎበዝ ነበር። አሁን ግን ፕሌይስቴሽን 5 ራሱ ስምንት ኮር ይዞ ነው የመጣው፣ ጌም ሠሪዎቹም ያንን አስበው ነው የሚሠሩት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ችግሩ ጌም ላይ ሎሚው ሁሉ አይከፋፈልም። ዋናው ስሌት ብዙ ጊዜ አንድ ኮር ላይ ይወድቃል፤ ስለዚህ የኮሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የአንዱ ኮር ፍጥነት ይፈለጋል፣ ያንተው ደግሞ በሁለቱም ወደኋላ ቀርቷል። ጭስና ተኩስ ሲደራረብ የሚቆራረጠውም ለዚህ ነው።

ዝም ብለህ ግን አትመነኝ፣ ራስህ ፈትሸው። መጀመሪያ ቪ-ሲንክ (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን ሰቲንግ) አጥፋ፣ የፍሬም ገደብም ካለ አንሳው፤ ያንን ሳያጠፉ የሚለኩ ሰዎች ራሳቸውን ነው የሚሸውዱት። ከዚያ የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 አውርደው። ካርዱ የሚስለው ነጥብ ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርዳል፣ ከግማሽ በታች ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ሸክም ወርዶለት ፍሬሙ ካልጨመረ ጥፋቱ የካርዱ አይደለም። ፍሬሙ ሽቅብ ከተተኮሰ ደግሞ ካርዱ ነበር የደከመው።

ሁለተኛው መንገድ ካርዱ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ጭኖ እየተጫወቱ ማየት ነው። ካርዱ 95 እና ከዚያ በላይ በመቶ እየሠራ ከሆነ ሙሉ አቅሙን እየሰጠህ ነው። 50 እና 60 በመቶ ላይ ከተንጠለጠለ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። የፕሮሰሰሩን ጠቅላላ ፐርሰንት ግን አትመን። አራት ኮር ውስጥ አንዱ ብቻ ጢም ብሎ ቢሞላ ጠቅላላው የሚያሳይህ 25 በመቶ ነው፤ አንተ ፕሮሰሰሬ ገና ዘና ብሏል ትላለህ፣ ጌሙ ግን እዚያች አንድ ኮር ላይ ታንቋል። ታስክ ማናጀር ውስጥ ግራፉን ራይት ክሊክ አድርገህ እያንዳንዱን ኮር ለየብቻ አውጣው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ገንዘብ የማይጠይቀውን አስቀድም። ካርድህ ትርፍ ጉልበት ስላለው ቴክስቸሩንና አንቲ-ኤልያሲንጉን (የጠርዝ ማለስለሻውን) ከፍ አድርገው፤ ፍሬሙ ብዙም አይወርድም፣ ምስሉ ግን ያምርልሃል። ፕሮሰሰሩን የሚያደክሙትን ቀንስ። ለምሳሌ ጂቲኤ 5 ላይ የሕዝቡን ብዛትና የዕይታውን ርቀት የሚወስኑት ሰቲንጎች ናቸው። ሬይ ትሬሲንግ (ብርሃኑንና ነጸብራቁን እንደ እውነተኛው የሚያሰላው) የካርዱ ጉዳይ ብቻ ይመስላል እንጂ ፕሮሰሰሩንም ያስጨንቃል፣ አትክፈተው። ከኋላ የተከፈተ ክሮም ካለ ዝጋ። ዲኤልኤስኤስ (ምስሉን በትንሽ ሪዞሉሽን ስሎ የሚያሳድገውን) ክፈት ያለህ ጓደኛ ይኖር ይሆናል፣ አንተ ዘንድ ግን የረባ ለውጥ አያመጣም፤ እሱ የሚያቀለው የካርዱን ሸክም ነው፣ ያንተ ካርድ ደግሞ ሸክም አልበዛበትም።

ከዚያ ራም። አንድ ፍሬ ብቻ ሲሆን ማዘርቦርዱ በአንድ ቻናል (ዳታው በሚያልፍበት አንድ መንገድ) ነው የሚሠራው። ተመሳሳይ ሁለተኛ 8 ጊጋ ጨምርበት፣ ሁለቱንም በትክክለኛው ቀዳዳ ሰካቸው። ይሄ በተለይ መቆራረጡን ይቀንስልሃል።

አንዳንዱ ኮር አይ 7-3770 ግዛ ይልሃል። እዚያው ማዘርቦርድ ላይ ይገባል፣ ስምንት ሥራ ባንዴ ይይዛል፣ መቆራረጡንም ይቀንሳል። የአንዱ ኮር ፍጥነት ግን ያው የ2012 ነው፤ ከፍተኛው 3.9 ጊጋኸርትዝ፣ ያንተው 3.6። በርካሽ ካገኘኸው ውሰድ፣ ውድ ከጠሩብህ ተወው። ብሩን አጠራቅመህ ኮር አይ 3-12100ኤፍ፣ ኮር አይ 5-12400ኤፍ ወይም ራይዘን 5 5600 ከነማዘርቦርዱና ከነራሙ ብትገዛ ነው 3060ው ምን እንደሆነ የምታየው። ራይዘኑን ከቢ450 ማዘርቦርድ ጋር የምትወስድ ከሆነ ባዮሱ (ማዘርቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) አፕዴት መሆኑን ሻጩ ፊትህ አስነስቶ ያሳይህ። አለዚያ ቤት ወስደህ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀርብሃል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ ቦትልኔክ (አንዱ ዕቃ ሌላውን ምን ያህል እንደሚያዘገይ) የሚያሰላ ሳይት አገኘሁ። ፕሮሰሰሬንና ካርዴን ሳስገባ 28 በመቶ አለኝ። ልቀይር?
አንባቢያችሁ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አትቀይሪ፣ ያንን ቁጥርም እርሺው። ፕሮሰሰርና ካርድ ሁሌ የሚሠራ አንድ ፐርሰንት የላቸውም። ያው ኮምፒውተር ሲቲስ ስካይላይንስ ላይ ከተማው ሲያድግ ፕሮሰሰሩ ይደክማል፤ ሳይበርፓንክ 2077ን በ4ኬ ስትከፍቺ ደግሞ ካርዱ ነው የሚያለቅሰው። 4ኬ የ1080 አራት እጥፍ ነጥብ ነው፣ ያ ጣጣ በሙሉ የሚወድቀው ካርዱ ላይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ ይቀድማል፣ ሌላው ይጠብቃል፤ ይሄ ብልሽት አይደለም። የምትፈልጊውን ፍሬም ካገኘሽና ካልተቆራረጠብሽ ተጫወቺ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅዳ ነው፣ ልጄ ሐዋሳ። አምና ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ገዛንለት፣ ቀጭኗን ትንሿን። አሁን ለጌም ግራፊክስ ካርድ ላክልኝ ይላል። እኔ በዚህ ነገር እውቀት የለኝም። ትልቁን ልግዛለት ወይስ ትንሹ ይበቃዋል?
አንድ አባት

መልስ፦ ጋሼ፣ ትልቁን አይግዙ። ኬዟ ውስጥ አይገባም፣ ቢገባም የሚያበራው ኃይል የለም። የዚያች ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ 240 ዋት ብቻ ነው፣ ለትልቅ ካርድ የሚሆን ገመድም የለውም። ፕሮሰሰሯም ቢሆን ከትልቅ ካርድ ጋር እኩል መሄድ አትችልም፤ ከላይ ለጻፈልን ወጣት የደረሰው እሱ ነው።

የሚሆናት ሎው ፕሮፋይል የሚባለው አጭሩ ጂቲኤክስ 1650 ነው። 75 ዋት ይበቃዋል፣ ያንንም ከማዘርቦርዱ ይወስዳል። ሲገዙ ግን ካርዱ ጫፍ ላይ የተጨማሪ ኃይል መሰኪያ እንደሌለው ይዩ፣ መሰኪያ ያለው ዓይነትም ስላለ። ምናልባት አርኤክስ 6400 ውሰድ ይሉዎታል። እሱም አጭር ነው፣ 53 ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው። ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር አራት ብቻ ሲሆን የተሠራውም ለአዲሶቹ ፒሲአይ 4 (የዚያ መስመር አራተኛ ትውልድ) ማዘርቦርዶች ነው፤ የልጅዎ ከፒሲአይ 3 ስለማያልፍ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። 4 ጊጋ ሜሞሪው ሲሞላ ያ በደንብ ይሰማል። 1650ው ይሻለዋል።

በዚህ ካርድ ጂቲኤ 5ንና ካውንተር ስትራይክን በደህና ይጫወታል። ከአዳዲሶቹ ጌሞች አንዳንዶቹ ግን ኤቪኤክስ 2 የሚባል የስሌት ትእዛዝ ፕሮሰሰሩ ላይ ከሌለ ጭራሽ አይከፈቱም፣ የሱ ደግሞ የለውም፤ ካርድ ያንን አይፈታውም። ይህን አስቀድመው ይንገሩት፣ ኋላ እንዳያዝን።

ወደፊት ኮምፒውተሩን ልቀይርለት ካሉ ኮር አይ 7 ነው ሲባሉ ቶሎ አይስማሙ። ከ7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይጠይቁ። 3770 ሦስተኛ ጄነሬሽን ነው፣ የ2012። 12100 ደግሞ ዐሥራ ሁለተኛ፣ የ2022። ይሄኛው ኮር አይ 3 ሆኖ ያንን ኮር አይ 7 ጌም ላይ ይበልጠዋል።

ለአሁኑ ግን ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ልጅዎ ኬዙን ከፍቶ ካርዱ የሚገባበትን ቦታ ማስመሪያ አስጠግቶ ፎቶ ያንሳልዎት። ካርዶቹ አንድ ቀዳዳ የሚይዙም ሁለት ቀዳዳ የሚይዙም አሉ፣ እዚያች ኬዝ ውስጥ ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ለውጥ ያመጣል። ፎቶውን ለሻጩ ያሳዩትና የሚገባውን ይምረጥልዎት።