ማቱ ቀለሙን «ይገልጣል» ወይስ «ይገልጻል»?

አንዲት አንባቢ እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ጀማሪዎችንም አስተምራለሁ። ክሊፑን ጥቁርና ነጭ አድርገን በማት ቀለሙን ቀስ እያልን የምናወጣበትን ዘዴ በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። ማቱ ቀለሙን ‹ይገልጻል› ልበል ‹ይገልጣል›? ማትንስ ጭምብል ብለው ያስኬዳል?»

ይገልጣል በይ። በዚህ ጉዳይ ስንት ዓመት ስጨቃጨቅ ስለኖርኩ አጭር መልስ አትጠብቂ።

ነገሩ እኔ እንደገባኝ ሁለት ቅጂ አለሽ፤ ከታች ጥቁርና ነጭ የሆነው፣ ከላይ ባለቀለሙ። ከላይኛው የቱ ቦታ እንደሚታይ የሚወስነው ማቱ ነው፤ ማት ማለት በነጭ፣ በጥቁርና በግራጫ የተሠራ ሌላ ምስል ነው። ነጭ በሆነበት ይታያል፣ ጥቁር በሆነበት ይደበቃል፣ ግራጫ በሆነበት ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ለምሳሌ በሠርግ ክሊፕ ላይ፣ ማቱ ውስጥ ያለው ነጭ ክብ እየሰፋ ሲሄድ የሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት መጀመሪያ ቀዩ ብቅ ይላል፣ ከዚያ አረንጓዴው ይከተላል። ቀለሙ ግን ድሮም እዚያው ነበር። ማቱ አልቀባውም፣ ስለ ቀለሙም ያብራራው ነገር የለም፤ ከላዩ ግርዶውን አነሳለት እንጂ። ብርድ ልብስ የሚገለጠው፣ መጽሐፍ የሚገለጠው እንደዚህ ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም ውሃው ወደ አንድ ስፍራ ሲሰበሰብ «የብሱም ይገለጥ» ነው የሚለው፤ መሬቱ ከውሃው በታች ነበራ።

«ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው፤ ጸ የተማረው፣ ጠ የገበያው ነው» የሚሉ አሉ። ምንጫቸው አንድ ነው በሚለው አልጣላም። የግእዙ ጸ በአማርኛ አፍ ጠ ሲሆን ያየነው ነው፦ ጾምና ጦም፣ ጸጉርና ጠጉር፣ ጸበልና ጠበል። ግን ጾምም በይው ጦም ቁርስ አትበዪም፣ ትርጉሙ አይለወጥም። እስቲ ደግሞ «ብርድ ልብሱን ገለጸ» በይ። ሰውየው ስለ ብርድ ልብሱ መግለጫ የሰጠ ነው የሚመስለው! አንድ የነበረው ቃል ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ ይዟል፤ ቋንቋ ሀብታም የሚሆነው እንዲህ ነው፣ መልሶ ማጣበቅ ምን ይባላል?

እሺ፣ «ግልጽ» አለ። ግልጽ ጨረታ፣ ግልጽ ደብዳቤ። የተከፈተ፣ ያልተሸፈነ ለማለት ነው፣ ግን በጽ ነው የሚጻፈው። እንደ እኔ ሕግ ቢሆን «ግልጥ» መሆን ነበረበት፤ የቀደሙት ሰዎች እንዲያውም «በግልጥ» ይሉ ነበር። ዛሬ ግልጥ ብዬ ብጽፍ አራሚው ያርመኛል። በዚህ ተሸንፌያለሁ። ገላጭ ላይ ደግሞ ጠም ጸም ጭ ስለሚሆኑ የሰዋስው ገላጭና የብርድ ልብስ ገላጭ አይለዩም።

ጭምብልን ተዪው። ጭምብል ማስክ ነው፤ እሱን በራሱ በምስሉ ላይ ትስያለሽ፣ ማት ግን ሌላ ሌየር (ለብቻው የሚነባበር ምስል) ሆኖ ነው የሚያዘው። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራሽ ተማሪዎችሽ ይምታታባቸዋል። ከ«ጋረደ» ስም እናውጣ ብንል «ጋራጅ» ይሆንና መኪና ይዘው ይመጡብናል።

«ማት» ራሱ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ፈዛዛ፣ የማያብረቀርቅ ማለት ነው። በፊልም ዘመን የማይፈለገውን ቦታ በጥቁር ይከልሉት ነበር። እዚያ ላይ ፊልሙን ብርሃን አይነካውም፤ ከዚያ ፊልሙን ወደኋላ አጠንጥነው ያንን ቦታ ብቻ እንደገና ይቀርጹታል። ፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ሜልዬስ በ1898 እ.ኤ.አ. የገዛ ጭንቅላቱን እየነቀለ ጠረጴዛ ላይ ሲደረድር የታየው በጥቁር መደብና ደጋግሞ በመቅረጽ ነው። የቃሉን ምንጭ አንዳንዶች ከቼዙ «ሻህ ማት» ጋር ያያይዙታል፤ የዓረብኛው «ማተ» ደግሞ የኛው «ሞተ» ወንድም ነው። ሌሎች ከላቲን ያመጡታል፣ የነሱ ሳይሻል አይቀርም። እኔ ግን ቀለሙ ሞቶ መነሳቱን ወድጄዋለሁ።

ለእኔ ቢተው ስሙን «ከሣቴ» እለው ነበር። ግእዝ ለመግለጥ የራሱ ቃል አለው፣ ከሠተ ይላል፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባሉት በዚሁ ነው። «ከሣቴ ቀለም»፣ እስቲ አፍሽ ላይ አድርጊው! ኤዲተሮቹ ግን ሁሉም ማት ነው የሚሉት፣ አንቺም ማት ብለሽ ጻፊ። ከሣቴ ብትያቸው ሰንበት ትምህርት ቤት የገቡ መስሏቸው ነጠላ ፍለጋ ይወጣሉ።