የገደሉን እሬት አውርጄ ልትከለው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከደሴ ወደ ወረኢሉ ስትሄጂ ገደል ላይ ቁልቁል የተንጠለጠለ፣ ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እሬት አይተሻል። «ምንድን ነው? አንዱን አስወርጄ ግቢዬ ብተክለው ይጸድቃል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ ያንኑ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ልጅ በገመድ ከማውረድሽ በፊት ይህን አንብቢልኝ።

ፎቶሽ ላይ ያለው ሴቴ እሬት የሚባለው ነው። የሳይንስ ስሙ አሎ ፑልኬሪማ ነው፤ በላቲን «እጅግ ውብ» ማለት ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ በተፈጥሮ አይገኝም። በ1997 እ.ኤ.አ. ይህን ስም የሰጡት የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ማይክል ጊልበርትና የእኛው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው። በዚያው ዓመት ሌላም የገደል እሬት ሰይመዋል፤ የአንኮበሩን። እሱ ግንዱ እስከ 6 ሜትር የሚንጠለጠል፣ ከ3000 ሜትር በላይ የሚኖር የሸዋ ተክል ነው። ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። ከዓመታት በፊት አንድ ጎረምሳ በገመድ ወርዶ አመጣልኝ። ሲነቅለው ግማሹ ሥር አለቱ ስንጥቅ ውስጥ ቀረ። እኔ ደግሞ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ጥቁር አፈር ላይ ፍግ ጨምሬ፣ ቀጥ አድርጌ ተከልኩት። ሰኔ ላይ ያምር ነበር። የሐምሌ ዝናብ ሲበረታ እምብርቱ ላይ ውሃ ይተኛ ጀመር። ነሐሴ ላይ የመሃሉን ቅጠል በሁለት ጣት ሳብ ሳደርገው እንደ ቅቤ ሟሙቶ እጄ ላይ ቀረ። ሽታው እስካሁን አይረሳኝም።

የገባኝ ኋላ ነው። ገደሉ ላይ ተክሉ ፊቱን ወደ ውጪ፣ ወደ ታች አዘንብሎ ነው የሚያድገው። ዝናቡ ቅጠሉን አጥቦ ይወርዳል እንጂ እምብርቱ ላይ አይጠራቀምም። አፈሩም በስንጥቅ ውስጥ የገባ እፍኝ የማይሞላ ብናኝ ነው፤ ውሃ አይዝም። በበጋ ደግሞ ቅጠሉ ያጠራቀመውን ይዞ ይቆያል። እሬት እንደ ሌላው ተክል ቀን ቀን አይተነፍስም። የቅጠሉን ቀዳዳዎች የሚከፍተው ሌሊት፣ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነው። ያ ባዶ አለት ለእኛ ቅጣት ይመስላል፤ ለእሱ ግን ቤቱ ነው። ፍየልም አትደርስበትም፣ ሞፈርም አይደርስበትም። ጭላዳ እንኳ ለአዳር ገደል የሚመርጠው ለዚሁ ደህንነት አይደል?

ደግሞ አንዷን ስታወርጂ አንዷን ብቻ አይደለም የምትጎጂው። እሬት ባብዛኛው በራሱ የአበባ ዱቄት ዘር አይዝም፤ ከሌላ እሬት የመጣ ይፈልጋል። የሚያመላልሱለት ንቦችና ረጅም ምንቃር ያላቸው፣ የአበባ ማር የሚጠጡ ትናንሽ ወፎች ናቸው። ገደሉ ላይ አምስት ተክል ካለና ሁለቱ ከተነሡ ለቀሩትም ዘር መያዝ ይከብዳቸዋል።

አብሽሪ፣ መንገድ አለው። ዘር ያዢ። ፍሬው ሲደርቅ ሦስት ቦታ ይሰነጠቅና ክንፍ ያለው ጠቆር ያለ ዘር ነፋስ ይበትነዋል። ከአፋፉ ወይ ከሥሩ ሆነሽ እጅሽ የሚደርስበት ፍሬ ካለ፣ ሳይፈነዳ ቁራጭ ሻሽ እሰሪበት። ጥቂት ውሰጂ፤ የቀረውን ለገደሉ ተይለት። አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ላይ ዝሪው፣ አፈር በስሱ ብቻ አልብሺው። በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል። ጣት ሲያህል መሬት ላይ አትትከይው። የግቢሽ ካብ ስንጥቅ ውስጥ በጎኑ አስገቢው፣ አፉ ወደ ውጪ ይሁን። ካብ ከሌለሽ ድንጋይ ደርድሪለት። ዋናው ማዘንበሉ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። ገደሉን በስም ጠቅሰሽ እዚህ አትለጥፊው፤ ፎቶው ይበቃል። ነቅሎ መሸጥ የሚፈልግ ሰው አይጠፋም። አሎ ቬራ ከሚባለው በቀር እሬት ሁሉ ሳይቲስ በተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ውስጥ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

እኔ ዘንድሮ ካቡ ላይ ሦስት አሉኝ፤ ሁሉም ከዘር የወጡ። አንዷ አምና ብቻዋን አበበችና ፍሬ ሳትይዝ ቀረች። አሁን ሁለተኛዋም የአበባ ዘንግ አውጥታለች። ዘር ከያዙ ለአንቺ አስቀምጥልሻለሁ።