ጥያቄና መልስ፦ «ፎርማት ይደረግ?» ሲላችሁ እጃችሁን ሰብስቡ

የሳምንቱ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ ፓርቲሽን፣ ማለትም አንድ ዲስክ ስለሚከፈልባቸው ክፍሎች ናቸው። ድሬ ሙቀቱ የጠናባት ሰሞን ዲስኮቹም ሳያኮርፉ አልቀሩም።

ፍላሼ 32 ጊጋ ነው፤ 5 ጊጋ ፊልም ግን እምቢ አለ። (ሳቢያን)

ፋይል የሚያስቀምጥበት ዘዴ የድሮው ፋት32 ስለሆነ ነው፤ 4 ጊጋ የሞላ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጥና ትልልቅ ፋይል በሚቀበለው በኤክስፋት ፎርማት አድርገው።

ዲስኬን ሲ እና ዲ ብዬ ከፍዬዋለሁ። ሲ ቢበላሽ ዲ ይተርፋል አይደል?

ዊንዶውሱ ቢበላሽ፣ አዎ። ዲስኩ ራሱ ቢሞት ሁለቱም አብረው ይቀበራሉ።

የሰርግ ቪዲዮ ጭንቀት

ከዚራ አካባቢ ሰርግ የሚቀርጽ ወንድማችን ሁለት ገጽ ጽፎልኛል። ሲያጥር፦ ኡቡንቱ (ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ) የሚጠቀም ጓደኛው የሰርግ ቪዲዮ በሃርድ ዲስክ ሰጠው። ዊንዶውስ ላይ ሲሰካው «መጀመሪያ ፎርማት አድርግ» አለው። ሙሽሮቹ እየደወሉ ነው። እሺ ይበል?

አቦ፣ እንዳትነካው! እኔ አንዴ እሺ ብዬ የእህቴን የምርቃት ፎቶ በልቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ፓርቲሽን በዲስኩ ሰንጠረዥ ላይ ዓይነቱን የሚናገር ምልክት አለው። በድሮው የሰንጠረዥ ዓይነት፣ በኤምቢአር፣ አንዲት ባይት ናት፤ 07 የዊንዶውስ፣ 83 የሊኑክስ። በአዲሱ ጂፒቲ 16 ባይት የሚረዝም መለያ ነው። ምልክቱ ግን መጋላ ያለ ሱቅ በር ላይ እንደተጻፈ ስም ነው። «ጨርቃ ጨርቅ» ይልና ውስጡ ቡና ታገኛለህ። ሊኑክስ የበሩን ጽሑፍ ብዙም አያምንም፤ ገብቶ ያያል። ዊንዶውስ ግን በሩ ላይ የራሱ ስም ከተጻፈ አምኖ የድራይቭ ፊደል ይሰጥና፣ ውስጥ የሊኑክሱን የፋይል አቀማመጥ፣ ኢኤክስቲ4ን፣ ሲያገኝ ግራ ይገባዋል። «ማንበብ አልችልም» ማለት ሲገባው «ፎርማት ላድርገው?» ይላል። ቋንቋውን ስላልቻልክ ደብዳቤውን ቀዳደህ ትጥላለህ እንዴ?

ዲስኩን ለጓደኛህ መልስለትና ኤክስፋት በሆነ ሌላ ዲስክ ይገልብጥልህ። እሱ ከሌለ ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነሳ፤ ሳትጭነው «ሞክር» የሚለውን ምረጥ። ፎርማት አድርገኸው ከሆነ ግን አንዲት ፋይል እንኳ አትጻፍበት። ነቅለህ ዳታ ማውጣት የሚያውቅ ባለሙያ ጋ ሂድ። ጥቅ ጥቅ የሚል ድምፅ ካለውማ ዛሬውኑ፤ የሰፈር ልጅ አይሞክርበት።

3 ቴራ ገዛሁ፤ 2 ብቻ ነው የሚሠራው። ተታለልኩ? (ሐረር)

አልተታለልሽም። ዲስኩ በኤምቢአር ስለተከፈለ ነው። ኤምቢአር የሚቆጥርበት ቁጥር 32 ቢት ነው፤ 512 ባይት በሆኑ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍልፋዮች) 2 ቴራ አካባቢ ያልቅበታል። ዲስኩ ባዶ ከሆነ ወደ ጂፒቲ ቀይሪው። ዕቃ ካለበት መጀመሪያ ገልብጪ።

100 ሜጋ የምታክል ስም የለሽ ፓርቲሽን አጥፍቼ ላፕቶፑ አልነሳ አለ።

ዊንዶውስ ፊደል ሳይሰጥ የደበቃት በምክንያት ነበር፤ ማስነሻው እዚያ ነው ያለው። ሌላ ካልነካህ ፋይሎችህ ከቦታቸው ናቸው። ቴክኒሻን ጋ ውሰደው፤ «ሙሉውን ፎርማት እናድርገው» ካለህ ሌላ ቴክኒሻን ፈልግ።