ሌዘሩ ሲግል ይደክም ነበር፣ አሁን ጭራሽ አያቃጥልም

ወንድሜ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። ከአሮጌ ፕሮጀክተር ያወጣኸው ሰማያዊ የ450 ናኖሜትር ሌዘር ዳዮድ (ብርሃኑን የሚያመነጨው ቁራጭ)፣ 3 አምፒር፣ መጀመሪያ እንጨቱን ያጨሰው የነበረ፣ ሁለት ደቂቃ ሲሰራ የሚደክም፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ። ከዛ ጓደኛህ "ጠገነልኝ" ካልክ ወዲህ ይበራል ግን ወረቀት እንኳ አያጠቁርም። ፎቶውን ሳየው ጠረጠርኩ፣ ሁለት በሽታ ነው ያለህ። የመጀመሪያው ሙቀት ነው፣ ሞጁሉ (ዳዮዱና ሌንሱ ያሉበት ብረት) በሱፐር ግሉ ነው እኮ የተጣበቀው፣ ማጣበቂያ መች ሙቀት ያሳልፋል? ሁለተኛው ግን ዳዮዱ ሞቷል ባይ ነኝ፣ ገዳዩም ያ ተጠማዞ በፕላስተር የተጠቀለለው ሽቦ ነው።

ከሁሉም በፊት መነጽር። 450 የሚል ቁጥር ያለበት፣ ኦዲ (ብርሃን የመከልከል አቅሙ) 5 ወይም ከዛ በላይ፣ ማለትም ከመቶ ሺህ አንዱን ብቻ የሚያሳልፍ። ከሌዘር ኪት ጋር በነጻ የምትመጣውን የፕላስቲክ መነጽር ጣላት። ከግማሽ ዋት በላይ የሆነ ሌዘር እንጨቱ ላይ ያረፈችው ነጥብ ራሷ ቅርብ ሆነህ ካየሃት ዓይን ትጎዳለች፣ እስክትጨፍን አይጠብቅህም።

አሁን ሽቦው ለምን ገደለው፣ ሰው ሁሉ ስለሚዘለው ትንሽ ልርዘምበት። ድራይቨርህ፣ ዳዮዱን የሚመግበው ሰርኪት፣ ስራው ከረንቱን 3 አምፒር ላይ መያዝ ነው፣ ቮልቴጁ ዳዮዱ የፈለገውን ያህል ይሆናል፣ ሰማያዊ ላይ 4 ቮልት ከምናምን። ሽቦው ለቅጽበት ለቀቀ እንበል። ድራይቨሩ 3 አምፒሩን ያጣዋል፣ ስለዚህ ለማግኘት ቮልቴጁን ይጨምራል ይጨምራል፣ ባትሪህ 12 ከሆነ እስከዛ ድረስ ሊወጣ ይችላል፣ መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተርም (ቻርጅ የሚያጠራቅመው) በዛው ይሞላል። ሽቦው ተመልሶ ሲነካ ካፓሲተሩ ያጠራቀመውን በአንዴ ዳዮዱ ላይ ይደፋዋል፣ ድራይቨሩ ገና ነገሩ ሳይገባው። ተራ አምፖል ቢሆን አይሰማውም፣ የሌዘር ዳዮድ ግን ብርሃኑ የሚወጣበት ፊት በማይክሮን የሚለካ ነው፣ በዛች ቀዳዳ ያ ሁሉ ብርሃን ሲያልፍ ፊቱ ይቀልጣል። ከዛ በኋላ ይበራል፣ ከረንትም ይበላል፣ ግን ሌዘር መሆኑ ቀርቷል፣ ኤልኢዲ ሆነ በቃ። አይጠገንም።

ለማረጋገጥ መጀመሪያ ሌንሱን በአልኮልና በጥጥ ጥረግ፣ አንዳንዴ ጭስ ብቻ ነው። ካልሆነ ሌዘር ዳዮዱን ፍታና በቦታው አምስት 1ኤን5408 (ብርሃን የማይሰጥ ተራ ዳዮድ) በተርታ ከ0.1 ኦም ሬዚስተር ጋር ግጠም፣ ይግላል አትንካው፣ ቴስተርህን ሬዚስተሩ ላይ አድርግ፣ 300 ሚሊቮልት ካሳየህ ድራይቨሩ ደህና ነው። ከዛ ኃይል አጥፋ፣ ካፓሲተሩን ሾርት አድርገህ አራግፍ፣ ሌዘር ዳዮዱን መልስ፣ መነጽር (አዎ ደገምኩት)፣ ከረንቱን ከዜሮ ቀስ እያልክ ጨምር። ጤነኛ ዳዮድ መጀመሪያ ደብዘዝ ብሎ ይቆይና የሆነ ቦታ ላይ ብርሃኑ ድንገት ቦግ ይላል፣ የሞተው ዝም ብሎ እየደመቀ ነው የሚሄደው። በስልክ ካሜራ ተመልከተው፣ ካሜራውን ጥቁርና ነጭ አድርገው፣ መነጽሩ የስክሪኑንም ሰማያዊ ይበላብሃላ።

አዲስ ስትገጥም ሽቦውን በካውያ በይድ፣ አዞ ክሊፕ የሚባል ነገር አጠገቡ አይድረስ። ሞጁሉ ሂት ሲንኩ (ሙቀት የሚስበው ብረት) ውስጥ ጠበቅ ብሎ ይግባ፣ መሃላቸው ስስ ተርማል ፔስት (ሙቀት የሚያሳልፍ ቅባት)፣ ፋን። 2 አምፒር ላይ አስር ደቂቃ አሰራውና ሞጁሉን ንካ፣ ጣትህን ካቃጠለህ 3 አምፒርን እርሳው። እና ለመንካት ስትጎነበስ ሌዘሩ ጠፍቶ፣ መነጽሩም ዓይንህ ላይ እንዳለ። ሚሊቮልቱ ስንት እንደመጣ ጻፍልኝ።